ጥያቄ ይዘን ወደ ኮልቾ

ከዚህ በፊት ጽሑፍ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። በእጄ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ስሜ ነው፤ እሱም የረዘመው ከነአያቴ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት አልቀጠልኩም። አሁን ይህን የምጽፈው ከኮልቾ ከተመለስኩ ጀምሮ የሰፈራችን ሰዎችና የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ «እንዴት ነበር?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር «ደህና ነበር» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ግን ደህና ብቻ አልነበረም። እነሱ እዚያ የሚሄዱበት ጉዳይ የላቸውምና፣ እንዳየሁት ልጻፍላቸው ብዬ ነው።

ጂንካ ውስጥ አንድ ፔንሲዮን ተቀጥሬ አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ። አባቴ አሪ ነው፤ እናቴ የሐመር ልጅ ናት። ሁለቱንም ቋንቋ ከነአማርኛው እናገራለሁ። መምህርት ሰናይት ከደሴ ተመድባ የመጣች የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት፤ ቤት እስክታገኝ እኛ ጋ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ማር የምትሸጥ የሐመር ሴትና አንድ ነጋዴ አልግባባ ብለው ሳስማማቸው ሰማችኝ። በነጋታው ልብስ እየሰቀልኩ ሳለ መጥታ አብሬያት ለሥራ እንድሄድ ጠየቀችኝ።

«እኔ ሰው ፊት አፌ አይከፈትም፣ መምህርት» አልኳት።

«አስቴር፣ የሚናገረውኮ ሌላ ሰው ነው። አንቺ የእሱን ቃል ብቻ ነው የምታሻግሪው።»

ይህ አጽናናኝ። በሌላ ሰው ቃል መደበቅ ይቻላል ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ጂንካ እንደ ልማዷ እያካፋች ወጣን። መኪናውን የሚነዳው ጋሽ ታደሰ ነው፤ የአሪ ሰው፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚነዳ፣ ቀልድ የማያልቅበት። ቀይ አፈር ከተማ ላይ ፍርፍር በላን። ጋሽ ታደሰ እዚያው የሄድንበትን ጉዳይ ጠየቀ።

«ወጣት ሥራ ሲያገኝ ስርቆትና የከብት ዝርፊያ ይቀንሳል ወይ? እሱን ነው የምናጠናው» አለችው መምህርት። «ብዙ ሰው አዎ ይቀንሳል ይላል። እውነት መሆኑን ግን ሄዶ የጠየቀ ጥቂት ነው። ለወጣቱ ሥራ የሚያቅዱት ሰዎችም ውጤቱን ይፈልጉታል።»

«ለዚህ ለዚህማ ኮልቾ ምን አስኬደን?» አለ ጋሽ ታደሰ። «ጂንካ መናኸሪያ መቆም ነው። ጥያቄውን ሳትጨርሽ ስልክሽን ይዞት ይሄዳል፣ መልሱን ታገኚዋለሽ።»

መምህርት ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄው በሆዴ ቀረ። ሰው ለምን ይሰርቃል ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ፍለጋ መኪና ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኛ ሰፈር ሌባ ሲያዝ የሚጠየቀው «የት አደረስከው?» ነው።

ከቀይ አፈር ወዲያ ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ ነጠላዬን። ጂንካ ኮረብታው ሁሉ እንሰትና ሙዝ ነው፤ እዚህ ግን ምድሩ ግራር፣ ቀይ አቧራ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የምስጥ ኩይሳ ነው። ቱርሚ ስንገባ የሰኞ ገበያ እየተበተነ ነበር። ሴቶቹ በቅቤና በቀይ አፈር የታሸ ሹሩባቸው እያብረቀረቀ፣ ቅላቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። የእናቴን ቋንቋ እንደዚያ ከየአቅጣጫው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ እናቴ ብቻዋን ስለምትናገረው የእሷ የግሏ ይመስለኝ ነበር።

ያደርንበት ፔንሲዮን ውኃ የለውም። በባልዲ ሰጡን። አልጋዬ ጋ እንደደረስኩ ሳላስበው አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ጥጉን አየሁ። በደንብ ታጥቧል፣ አልተተኮሰም። አጣቢዋን ማግኘት ፈልጌ ነበር፤ አፈርኩና ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ደረቅ ወንዝ ስናቋርጥ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ጋሽ ታደሰ ነዳጅ በሰጠው ቁጥር ይበልጥ ይቀበራል። ከየት እንደመጡ ያላየናቸው ከብት ጠባቂዎች ደረሱልን። በእጃቸው አሸዋውን ጫሩ፣ የግራር ቅርንጫፍ ጎማው ሥር አነጠፉ፣ ገፉን። እኛ ጋ መኪና ጭቃ ሲይዘው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይገፋል። እነዚህ ገፍተው ካወጡን በኋላ ነው የሳቁት። ለውለታቸው ያገኙት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ እሱን ራሳቸው ናቸው የጠየቁን፤ ውኃ መያዣ ይሆናቸዋል።

ኮልቾ ገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ከሥሯ ኦሞ ቡናማ ሆኖ ይጠማዘዛል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የምሻገረው የእኛ ነሪ ወንዝ ከሆነ፣ ይሄኛው ሌላ ስም ያስፈልገዋል። የመኪና ድምፅ የሰሙ ልጃገረዶች ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው እየሮጡ መጡ። እኔ ስወርድ ቆም አሉ።

«ፈረንጅ የለም?» አለችኝ አንደኛዋ። የመንደሩ ነዋሪዎች የካራ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውና የሐመር ቋንቋ ወንድማማች ስለሆኑ ገባኝ።

«የለም።»

«ካሜራስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» ብላ ትታኝ ሄደች።

ያሳደረችን ማርታ ናት፤ የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የጂንካ ልጅ። ቤቷ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ምድጃ ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። አልጋዋን ለመምህርት ሰጥታ እኔንም ፍራሽ ላይ ካላስተኛሁ ብላ ተሟገተችኝ፤ እሷ ምንጣፍ ላይ ሆነች። «እህቴ፣ ከጂንካ የመጣ ሰው ምንጣፍ ላይ ቢያድር እናቴ ትሰማለች» አለችኝ። ጂንካና ኮልቾ መሐል ያን ሁሉ መንገድ እያየሁ መጥቼ እንኳ አመንኳት።

ረቡዕ ሥራ ጀመርን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የሚጠየቀው ወጣት ብቻውን ይሆናል፤ ሌላ ሰው አይሰማም። ስሙ አይጻፍም። እኔም የሰማሁትን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ መኪናውን ከመንደሩ ፈንጠር አድርገን አቁመን፣ ከኋላው ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ በፈቃዱ የመጣው ኦይታ የሚባል ሳቂታ ወጣት ነው። ብዙ ተነጋገርን። የመለሰውን እዚህም አልጽፍም።

ከእሱ በኋላ እናቱ ዱካ ቤቷ ጠራችን። ከኦሞ የወጣ ዓሣ ቀቅላ ከማሽላ ገንፎ ጋር አቀረበች። ጂንካ ላይ ዓሣ ብርቅ ነው፤ እኔ እንደ ዶሮ መስሎኝ ጎረስኩ። እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሳል፣ እንባ፣ ጩኸት! ጋሽ ታደሰ ጀርባዬን ይደልቃል፣ መምህርት ውኃ ትሰጠኛለች፣ ዱካ ሁለቱንም ገፍታ አንድ ቁራጭ ገንፎ አድበልብላ አፌ ውስጥ ከተተች። «ሳታኝኪ ዋጪ!» ዋጥኩ። እሾሁ ሄደ። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ዱካ «ልጄ» ትለኝ ጀመር፤ ዓሣውንም እየፈለፈለች ሰጠችኝ።

እየበላን ሳለ፣ የማሽላው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ኦይታ ከብት እንደሚዘል ነገረችን። ለማያውቁ ልንገር። ከብቶቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ወጣቱ በጀርባቸው ላይ ሮጦ ያልፋል፤ እህቶቹ ይዘፍኑለታል። ያልዘለለ ሚስት አያገባም፣ ከወንድ አይቆጠርም። ከብቶቹ እንዳይበተኑ በቀንዳቸውና በጅራታቸው የሚይዙት ቀድመው የዘለሉት ወጣቶች ናቸው። እነሱ ካልያዙ ዝላይ የለም። የማንም አባት ሀብታም ቢሆን ይህን አይገዛውም። ዱካ ይህን ስትናገር ፊቷ ያበራ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የፖሊስ መኪና መጣ። ከመንደሩ በታች ካለው የኢንቨስተር እርሻ የውኃ መሳቢያ ሞተር ጠፍቶ ነበር። ፖሊሶቹ የኦይታን የቅርብ ጓደኛ ይዘው ሄዱ። ማርታ እንዳለችው ጉዳዩ የቆየ ነው፤ እኛ ባንመጣም እነሱ ይመጡ ነበር። ግን የመጡት ኦይታን በጠየቅን ማግሥት ነው።

ያን ቀን ግራሩ ሥር ማንም አልመጣም። ከብት ከሚይዙት ወጣቶች ዋናው ጊኖ የሚባለው ነው፤ ረጅም፣ ቁጡ። በአጠገባችን ሲያልፍ «ዛሬስ ከመኪናው ኋላ ማንን ትጠባበቃላችሁ? ነገ የሚታሰረውን?» አለን። ተረጎምኩላት። መምህርት ፊቷ ጠቆረ።

ማርታ ናት ያስረዳችን። እዚህ ቁም ነገር የሚወራው ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ዳስ ሥር ነው፤ ሁሉም እየሰማ፣ በየተራ፣ ቆሞ። እንግዳ ሰው ጋ ለብቻው ሄዶ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራ ሰው ወሬ አቀባይ ካልሆነ ምን ይሆናል? ኦይታ ብቻውን ገባ፣ ብዙ ቆየ፣ በማግሥቱ ጓደኛው ታሰረ። ለመንደሩ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ዱካ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ከብት አንይዝለትም ብለዋል» አለችኝ። «ልጄ፣ አንቺ ሰምተሻል። ምን እንዳለ ተናገሪላቸው።»

«ቃል ገብቻለሁ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእሱ።»

አየችኝና ሄደች። መምህርት ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ይህ ደንብ የወጣው የተጠየቀው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ሌላ ቦታ ጠብቋቸዋል። እዚህ ግን እኛው ጎዳነው» አለች። ወደ ቀጣዩ መንደር ወደ ዱስም ልንሄድ ነበር፤ «ይህን ሳላስተካክል የትም አልሄድም» አለች። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ኦይታ ምንም አልተናገረም ብትል አያምኗትም። የተናገረውን ብትገልጥ ደግሞ ቃሏን ታፈርሳለች፤ ነገም ማንም አይነግራትም።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ «መልሱን ነው ላንናገር ቃል የገባነው። ጥያቄውንስ?» አልኩ።

ቀና አለች። «ጥያቄውማ ምሥጢር አይደለም።» ትንሽ አሰበችና «ግን ጥያቄ ብቻውን ማን ያምነዋል? ሲጠየቅና ሲመለስ ማየት አለባቸው። ማን ይመልሳል?» አለች።

ማን እንደሚመልስ ሁለታችንም ያወቅነው አንድ ላይ መሰለኝ።

ዓርብ በልመናችን ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። ወንዶቹ በትንንሽ በርጩማቸው ላይ፣ ሴቶቹ ከዳር። ትልቁ ሽማግሌ ባሊ ይባላሉ። ጊኖ ከእኩዮቹ ጋር ቆሟል። ኦይታ ብቻውን ከምሰሶው ጋር ተጠግቷል፤ በዙሪያው ባዶ ቦታ ነበር። እኔ መሐል መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መምህርት በአማርኛ ትጠይቀኛለች። እኔ ጥያቄውን ለሰዉ ተርጉሜ፣ መልሴንም በእነሱው ቋንቋ እሰጣለሁ።

«ሥራ አለሽ?»

«አለኝ። የእንግዶች አንሶላ አጥባለሁ።»

«አንሶላ ምንድን ነው?» አለች አንዲት አሮጊት።

«የሚተኙበት ጨርቅ።»

«ራሳቸው አያጥቡም? እጃቸውን ምን ነካው?»

ሳቁ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

«ባለፈው ዓመት ሳትበዪ ያደርሽበት ቀን አለ?»

«አለ።» እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም።

ጥያቄው ቀጠለ። ከዚያ መምህርት ታብሌቷን አይታ ቀና ብላ አየችኝ። ቀጣዩን አውቀዋለሁ፤ ረቡዕ ለኦይታ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ለራሴ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩትም ነበር።

«ከቤተሰብሽ በስርቆት የታሰረ አለ?» አለችኝ። ፊቴን ስታይ ቶሎ ብላ «ይቅር፣ አስቴር፣ እንዝለለው» አለች።

እኔ በልማድ እሱንም ተረጎምኩት። «ይቅር እንዝለለው ትላለች» አልኳቸው። ባሊ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ኦይታን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እሱ አንድም ጥያቄ አልዘለለም ነበር፤ ይህን ብናገር ቃሌን ያፈረስኩ አይመስለኝም።

«አለ። ወንድሜ» አልኩ።

«ምን ወሰደ?» ይህን የጠየቀው ጊኖ ነው።

«ሞተር ሳይክል።»

«ከማን ጋር?»

ወደ መምህርት ዞሬ ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኳት። ተነሥታ ቆመች። «እንዲህ የሚል ጥያቄ የለኝም በያቸው። ስም አልጠይቅም። ብትነግሪኝም አልጽፈውም።»

ነገርኳቸው። ባሊ በርጩማቸውን ይዘው ጠጋ አሉ። «ይህቺ ልጅ ወንድሜ ሰረቀ አለች። አንቺ ከማን ጋር አትያትም?»

«አልላትም።»

«የት እንዳስቀመጠውስ?»

«አልጠይቃትም።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ለምን ያደረገው ይመስልሻል ብዬ ነው የምጠይቃት» አለች መምህርት፤ ጠየቀችኝም።

ብዙ ጊዜ አስቤበት ስለማውቅ መልሱ ይቀለኛል ብዬ ነበር። «አላውቅም» አልኩ። «ሥራ አጥቶ ነው እንዳልል ሥራ ነበረው። ጋራዥ ይሠራ ነበር። እናቴም እስከ ዛሬ ትጠይቀዋለች። እሱም አላውቅም ይላታል።»

መምህርት መጻፏን ተወች። ባሊ ግን ሳቅ ጀመሩ፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። ወደ ወጣቶቹ ዞረው «ሰማችሁ? ይህቺ ሴት ሌባውን ትታ ምክንያቱን ነው የምታሳድደው! ፖሊስ በዚህ ዓይነት ማንን ይይዛል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው እኔን ጠየቁኝ። «ኦይታም የተጠየቀው ይኼንኑ ነው?»

«ይኼንኑ ነው። የተጨመረ የለም።»

ጊኖ ወደ መሐል ገባና «እኔንም ጠይቂኝ። እዚሁ። ሁሉም እየሰማ» አለ።

መምህርት ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ሰው ፊት የተሰጠ መልስ ለጥናቱ አይሆንም። ኮልቾ ከጥናቱ ወጣች ማለት ነው።» ታብሌቷን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እሺ በይው። ልስማው» አለች።

ጊኖ እርሻው ላይ ዘበኛ ሆኖ ሠርቶ እንደነበር ተናገረ። «‹ከማን ነው የምጠብቀው?› አልኳቸው። ‹ከናንተ› አሉኝ። መሬቱ የአጎቴ ነበር። የአጎቴን መሬት ከአጎቴ ስጠብቅ ከረምኩ» አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ሥራ አግኝቶ ዝርፊያ የተወ አለ፤ ባገኘው ደመወዝ ጥይት የገዛም አለ። አሮጊቷ ሳትጠየቅ ተነሥታ ስለ ፍየሎቿ ተናገረች። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ሰማን። ስለ ኦይታ ግን ማንም ምንም አላለም። ሲበተኑ ዱካ ወደ እኔ አላየችም።

በመንገድ ወደ ማርታ ቤት ስንሄድ መምህርት ክንዴን ያዘች። «የወንድምሽን ነገር ጂንካ ላይ ለማንም አልናገርም።»

«ኮልቾ በሙሉ ሰምቶት የለ እንዴ፣ መምህርት?» አልኳት። ሳቅን። አሁን ደግሞ ጽፌዋለሁና፣ ሰፈርተኞቼም አወቃችሁ።

ቅዳሜ ልንመለስ ዕቃ ጫንን። ማርታ ለእናቷ የደረቀ ዓሣ ላከች፤ «እሾሁን አስረጂያት» አለችኝ። ጋሽ ታደሰ ሞተሩን አሙቆ መዝሙሩን ጀምሯል። ከብት ስለመያዙ ማንንም አልጠየቅኩም። የሰው ጥያቄ ስተረጉም ከርሜ፣ የቸገረኝን አንዱን ጥያቄ መጠየቅ ፈራሁ።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ዱካ ከቤቶቹ መሐል ወጣች። ፈጥና መጣች፤ መስኮቱን ይዛ ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿ ፊቴ ላይ ይሰማኛል።

«ከብት የሚይዙ ተገኝተዋል» አለችኝ። «ኦይታ ግን እህት የለውም። ሲዘል የምትዘፍንለት አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽን አዘጋጂ።»